ስለ ክርን ሕመምና ስለ መርፌው

በቆቦና በራያ ቆላ ማሽላ በሚታጨድበት ወራት ማጭድ በጨበጠ ቁጥር የቀኝ ክርኑ የሚነድበት ገበሬ በየቤቱ ቢገኝ አያስደንቅም። ሐኪሞች ይህን ሕመም «የቴኒስ ክርን» ይሉታል። ስሙ ከጨዋታ ሜዳ ይምጣ እንጂ አብዛኞቹ ሕሙማን ቴኒስ የሚባለውን ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ዶማና ማጭድ የሚይዝ፥ ልብስ አጥቦ የሚጨምቅ፥ አንዱን ሥራ ሲደጋግም የሚውል ሁሉ ያገኘዋል።

የእጅን አንጓ ወደ ላይ የሚያነሣው ጅማት በክርን ውጭ ባለችው የአጥንት ጉብታ ላይ ተያይዟል። ጅማቱ ዕረፍት ሳያገኝ ሲሳብ ክሩ ይላላል፥ ይጎዳልም። ስለዚህ በሽተኛው ጀበና እንኳ ሲያነሣ ያመዋል። ሕመሙ ሲቆይ በጅማቱ ላይ የሚታየው ከብግነት ይልቅ የክሩ መበላሸት ነው። ይህም የመርፌውን ነገር ለመረዳት ይጠቅማል፤ ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ብግነትን ያበርዳል እንጂ የተበላሸ ክር አይጠግንምና።

በ1994 ዓ.ም. በሆላንድ 185 ሕሙማን በሦስት ተከፍለው የታዩበት ጥናት ታተመ። በስድስተኛው ሳምንት መርፌ ከተወጉት ከመቶው 92 ተሽሏቸው ነበር፤ ፊዚዮቴራፒ ካገኙት 47፥ ምክር ብቻ ተሰጥቷቸው ከታገሡት ደግሞ 32። ዓመት ሲሞላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከተወጉት 69፥ ከፊዚዮቴራፒዎቹ 91፥ ከታገሡት 83 ሆነ። በ2005 ዓ.ም. የታተመው የአውስትራልያ ጥናትም በመድኃኒቱ ከተወጉት ከመቶው 54 ሕመሙ እንደገና ሲያገረሽባቸው፥ መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት ያገረሸባቸው 12 ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ከሕመምተኛው ደም ተጣርቶ መልሶ የሚወጋውም፥ ዋጋው ውድ ቢሆንም፥ ይህን ያህል የሚያኮራ ጥቅም አልተገኘበትም።

እኛ የምንፈራው ይህን ነው፤ አባወራው በመከር መካከል ተወግቶ ሕመሙ ሲጠፋለት ዳነ ብሎ ወደ ማጭዱ ይመለሳል፥ ያልጠነከረውንም ጅማት ዳግመኛ ይጎዳዋል። በየመንደሩ ያለ ፈቃድ የሚወጋ ሰው ቢያገኝ ደግሞ መመረዝ ይከተላል። በሐኪም እጅም ቢሆን የተወጋው ስፍራ ቆዳ ሊሳሳና ሊነጣ ይችላል፤ ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ለጊዜው ከፍ ስለሚል አስቀድሞ ይንገር።

ፈውሱ ቀስ በቀስ የሚመጣው ከልምምድ ነው። ክንድን በጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፥ መዳፍን ወደ ታች መልሶ፥ እጅን ከጠረጴዛው ጠርዝ ማውጣት፤ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ላስቲክ ጠርሙስ ጨብጦ በሌላው እጅ እየረዱ ወደ ላይ ማንሣት፥ ከዚያ ያለ ረዳት በዝግታ ማውረድ። ጥቂት ቢያም አያስፈራም፤ በማግሥቱ ከበረታ ግን ውኃውን መቀነስ ነው። ሥራው ሳምንታት፥ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ዕቃ ሲነሣ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ወደ ሰውነት ማስጠጋት ጅማቱን ያሳርፋል። ስግደት አንጓን ስለሚያስጨንቅ የንስሐ አባትን ማማከር ያሻል፤ በጭብጥ መደገፍ ለአንዳንዱ ይቀለዋል።

እጅ የሚደነዝዝ፥ ክርኑ የሚያብጥ ወይም የሚያተኩስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነውና ወጌሻ ሳይታሽ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ይኬድ። ለቀረው፥ ዘንድሮ የክንዱን ሕመም የሚያስታምም ሰው ቢኖር ጎረቤቶች በደቦ አጨዳውን ይያዙለት፤ እሱም እህሉን ከወፍ ይጠብቅ።