ሳይርቅ በቅርቡ፤ የኮምፒዩተርን ሥርዓት ከመለወጥ በፊት ሊጻፍ ስለሚገባው ነገር

ከሞላሌ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መንገደኛ የአገሩን ብርድ ያውቀዋልና ባናውንና ስንቁን ከቤቱ ሳለ ያሰናዳል እንጂ መንገድ ከጀመረ በኋላ ልፈልግ አይልም። ኮምፒዩተርን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም፥ ይኸውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን የሚለውጥ ሰው እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለ ፈጸመ፥ ኮምፒዩተሩን ወደ ዊንዶውስ 11፥ ወይም ኮምፒዩተሩ ለዚያ ያልበቃ እንደ ሆነ ያለ ዋጋ ወደሚገኘው ወደ ሊኑክስ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው አለ። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ።

ልጄ ለውጭ አገር ትምህርት የምትልከው ማመልከቻ ሁለት ቀን ሲቀረው፥ በችኰላ አሮጌውን አጥፍቼ ሊኑክስን ጫንሁ። ኮምፒዩተሩ በደኅና ተነሣ፤ ዳሩ ግን ዋይፋዩን የሚያሠራው ድራይቨር አልነበረውም፤ የይለፍ ቃሉም ከጠፋው ጋራ ጠፍቶ ነበር። ድራይቨሩ የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱም የሚገኘው በድራይቨሩ ነው። ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ትቶ ሳጥኑን እንደ ቈለፈ ሰው ሆንሁ። ልጄ አንዳች ሳትናገር ብትመለከተኝ፥ ዝምታዋ ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። ማመልከቻው በጊዜው የደረሰው ጎረቤታችን ኮምፒዩተሩን ስላዋሰን ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ የሚጻፈው ይህ ነው።

አንደኛ፥ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በገመድ፥ በዋይፋይ ወይም ሲም ካርድ በሚገባበት ሞደም እንደ ሆነ ይታወቅ።

ሁለተኛ፥ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል፤ የቴሌ ድርጅት ለቤቱ መሥመር የሰጠው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም፤ በሞደም ከሆነ ኤፒኤን የሚባለው ስም ይጻፍ።

ሦስተኛ፥ በሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ በሚለው ስፍራ ዲኤችሲፒ የሚል ቢገኝ ቁጥሩ ራሱ ስለሚሰጥ አያሳስብም። ቁጥሩ በእጅ የተሞላ ከሆነ ግን፥ በመሥሪያ ቤት እንደሚደረገው፥ የአይፒው አድራሻ፥ ሰብኔት ማስኩ፥ ጌትዌዩና ዲኤንኤሱ አንድ አኃዝ ሳይሳሳት ይገልበጥ።

አራተኛ፥ የኔትወርክ ካርዱ ስምና ሞዴል ተጽፎ፥ ድራይቨሩ በፍላሽ ይቀመጥ። ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነሥቶ ዋይፋዩ መሥራቱን አስቀድሞ መሞከርም ይቻላል። ችግር ቢደርስ፥ ስልክን በገመድ ከኮምፒዩተሩ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት ማካፈል ብዙ ጊዜ ያድናል፤ ይህንንም እኔ የተማርሁት ከጭንቁ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጻፈው በወረቀት ላይ ነው፤ በዚያው ኮምፒዩተር የተጻፈ እንደ ሆነ አብሮ ይጠፋልና። የይለፍ ቃል ያለበት ወረቀትም እንደ ቤት ቁልፍ ይጠበቅ።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች አሮጌው መዝገብ ሳይዘጋ ወደ አዲሱ የሚተላለፈውን ቈጥረን እንጽፋለን። በመሥሪያ ቤት የማውቀውን ሥራ በቤቴ መርሳቴ ያሳፍረኛል። አባቶቻችን ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ማለታቸው ለዚህም ይሆናል።