ስለ ግልጽነት፤ ወይም የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የት ነው?

ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከበሩ በስተግራ አንድ ቁም ሣጥን ቆሟል። በሩ መስታወት ነው። አሻግሮ ለሚመለከት ሰው የማኅበሩ ማኅተም፣ ሁለት የእግር ኳስ ዋንጫዎች፣ ብዙ አቧራ፣ ከአቧራውም ሥር ጀርባው ላይ «ገቢና ወጪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ወፍራም መዝገብ ይታየዋል። ባለፈው ወር ይህንኑ መዝገብ ለማየት ፈልጌ አንዱን የኮሚቴ አባል ብጠይቀው፣ «ምን ችግር አለ ወንድሜ፣ ያውልህ! እኛ እኮ የምንደብቀው ነገር የለም» ብሎ በጣቱ ወደ ቁም ሣጥኑ አመለከተኝ። እውነቱን ነው፤ አልተደበቀም። ቁልፉን ስጠይቀው ግን ገንዘብ ያዡ ዘንድ ነው አለኝ። ገንዘብ ያዡ ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ አለ። ጸሐፊውም ለገንዘብ ያዡ መልሻለሁ አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ግልጽ» ስለሚባለው ቃል ሳስብ ሰነበትሁ። ቃሉ በዛሬ ጊዜ ከማንም አፍ የማይጠፋ ሆኗል። ስብሰባ ሲከፈት ግልጽነት፣ ስብሰባ ሲዘጋ ግልጽነትና ተጠያቂነት ይባላል። ብዙ የተባለ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ነጠላ ነው፤ እየሳሳ ይሄዳል።

በአማርኛ ግልጽ ማለት የተገለጠ ማለት ነው። እናቶቻችን አክንባሎውን ገልጠው እንጀራውን ያወጣሉ፤ ተማሪ መጽሐፉን ገልጦ ያነባል፤ በሽተኛ ቁስሉን ገልጦ ለሐኪም ያሳያል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ክዳን አለ፤ ክዳኑን የሚያነሣ እጅም አለ። ፈረንጆች ለዚሁ ነገር የሚጠቀሙበት ቃል ግን ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ «ትራንስ» አልፎ ወይም ማዶ፣ «ፓሬሬ» ደግሞ መታየት ማለት ነው። በእነርሱ ቃል ክዳኑ አልተነሣም። ክዳኑ በቦታው እንዳለ ዓይን ብቻ አልፎ ይሄዳል። ሩሲያውያን ደግሞ ጎርባቾቭ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ያስለመዱትን «ግላስኖስት» የሚለውን ቃል ያወጡት ድምፅ ከሚለው ሥር ነው። እንግዲህ አንዱ በእጅ፣ ሌላው በዓይን፣ ሦስተኛው በድምፅ ማለት ነው። ፍረድ ብባል ለኛው አደላለሁ። የሀገሬ ቃል ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኛው ቃል የቁልፉን ነገር ስለማይረሳ ነው እንጂ።

ጠጅ ቤት የሚያዘወትር ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ሲቀዳ መልኩ አይታይም፤ በብርሌ ሲቀዳ ግን ጠላላም ሆነ ደፍራሽ ወዲያው ይለያል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ማሩ ስንት፣ ስኳሩ ስንት እንደሆነ ብርሌው አይናገርም። ያን ለማወቅ ከጠማቂዋ ጓዳ መግባት ያስፈልጋል።

ደግሞም በቋንቋችን የመስኮቱም፣ ፊት ማያውም ስም አንድ ነው፤ ሁለቱንም መስታወት እንላለን። ይህ የቃል ድህነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ብልህነት ይመስለኛል። ስንቱን መሥሪያ ቤት ውስጡን እናያለን ብለን ቀርበን የራሳችንን ፊት ብቻ አይተን ተመልሰናል!

አሁን ጥቂት ስለ መስታወቱ ስለ ራሱ ላውራ፤ የፊዚክስ መምህራኖቻችን ብሳሳት ያርሙኝ። መስታወት ብርሃንን የሚያሳልፈው ቀዳዳ ስላለው አይደለም። ዋና ነገሩ አሸዋ ነው፤ ይኸውም ሲሊካ የሚባለው ነው። በሲሊካ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ካሉበት ደረጃ ወደሚቀጥለው ለመዝለል ወደ 9 ኤሌክትሮን ቮልት የሚሆን ጉልበት ይሻሉ። ለዓይናችን የሚታየው ብርሃን ግን በእያንዳንዱ ፎቶን የያዘው ከ1.7 እስከ 3.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ስለማይበቃቸው አይውጡትም፤ ዝም ብለው ያሳልፉታል። ቆዳ ከሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ተራው የመስኮት መስታወት አብዛኛውን ይዞ ያስቀረዋል። በአጭሩ መስታወት የሚያሳልፈው ለራሱ የማይፈልገውን ነው፤ የሚፈልገውን ያስቀራል። ይህን ጠባይ መስታወት ባልሆኑ ስንት ነገሮች ላይ አይተናል? ስለ ችግኝ ተከላና ስለ እንግዳ አቀባበል 40 ገጽ ዘገባ ይወጣል፤ ስለ ጨረታው አንድ መስመር የለም።

ከዚህም በላይ ንጹሕ የተባለው መስታወት እንኳ ፊት ለፊት ከሚመጣበት ብርሃን በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህሉን ወደ መጣበት ይመልሳል፤ ሁለት ገጽ አለውና ድምሩ ወደ 8 በመቶ ይደርሳል። ያንኑ መስታወት ብትደቁሱት ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ምንም አያሳይም። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተሰባበረው ገጽ ስለበዛ ብርሃኑ በየገጹ እየተመለሰ መንገድ ይስታል። አንድ ሒሳብ በአሥራ ሁለት ደብዳቤ፣ በሰባት አባሪ፣ በሦስት ቃለ ጉባኤ ተከፋፍሎ የደረሰው ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን የመኝታ ክፍላችን መስኮት ነው። ሌሊት መብራት አብርታችሁ ስታጠኑ ወደ መስኮቱ ብትመለከቱ የምታዩት ራሳችሁን ነው። በጨለማው ግቢ ውስጥ የሚዘዋወረው ዘበኛ ግን እናንተን፣ አልጋችሁን፣ የተሰቀለውን ካልሲ ሳይቀር ያያል። መስታወቱ ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። የሚለያያቸው ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ነው፤ በብርሃን ያለ ይታያል፣ በጨለማ ያለ ያያል። ስለዚህ አንድ ሰው «በመካከላችን መስታወት እንጂ ግድግዳ የለም» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መብራቱ በማን ክፍል እንደበራ ነው።

ይህን የምለው በነገር ለመጫወት አይደለም። ገና አዲስ ተማሪ ሳለሁ፣ በተማርሁበት አንድ ተቋም፣ የፈተና ውጤት ከነስማችን በግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሰው እየተጋፋ በሚያነበው ሰሌዳ ፊት የወደቀበትን ትምህርት ከሌሎች አፍ ሰማ። ከኋላው የሳቀም ነበር። ልጁ የመልስ ወረቀቱን እንዲያሳዩት ሦስት ጊዜ አመለከተ፤ ወረቀት ማሳየት የተለመደ አይደለም ተባለ። ውጤት በስም መለጠፍ ለምን አስፈለገ ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ የተሰጠው መልስ «ለግልጽነት ሲባል» የሚል ነበር። ልብ በሉ! የልጁ ውድቀት ለሦስት መቶ ሰው ተገለጠ፤ ውድቀቱ እንዴት እንደተሰላ ግን ለእርሱ ለአንዱ እንኳ አልተገለጠም። ያ ልጅ በሁለተኛው መንፈቅ አልተመለሰም።

ስለ መስታወት ከተነሣ በኢጣልያ ሰሜን በኮሞ ከተማ ያለውን አንድ ሕንፃ ሳላነሣ አላልፍም። ጁዜፔ ቴራኚ የተባለው አርክቴክት ከ1932 እስከ 1936 (እ.ኤ.አ.) ለፋሺስት ፓርቲ የሠራው ጽሕፈት ቤት ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎቻችን ያውቁታል፤ እስከ ዛሬም በዓለም የሚደነቅ ሥራ ነው። ሞሶሊኒ ፋሺዝም ሁሉም ወደ ውስጥ ሊመለከተው የሚችል የመስታወት ቤት ነው ብሎ ነበርና፣ አርክቴክቱ ይህን ቃል ወደ ሕንፃ ለወጠው። ወደ አደባባዩ የሚያወጡት የመስታወት በሮች በኤሌክትሪክ ኃይል በአንድ ጊዜ ይከፈቱ ነበር፤ በሕዝቡና በመሪዎቹ መካከል ምንም መጋረጃ የለም ለማለት ነው።

ሕንፃው ያለቀው በ1936 ነው። በኛ አቆጣጠር 1928 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢ ይገነዘባል። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢና በሌሎችም ግንባሮች በወታደሩም በገበሬውም ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ይጥሉ ነበር፤ ኢጣልያ ግን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የመርዝ ጋዝ ክልከላ የጄኔቫ ስምምነት የፈረመች አገር ነበረች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ይህንኑ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በኢጣልያ ለብዙ ዓመታት ሲካድ ኖረ። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ እየጠቀሰ ሲጽፍ ከገዛ ወገኖቹ ዘለፋ ደረሰበት። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ሞሶሊኒ ጄኔራሎቹ ጋዝ እንዲጠቀሙ የፈቀደባቸው ቴሌግራሞች ግን አልጠፉም ነበር። በመዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር። በሩ መስታወት የሆነ ቤት ነበር፤ መዝገቡም ነበር፤ የጠፋው የሚገልጠው እጅ ነው።

መስታወቱ ራሱ ኃጢአት የለበትም። በርሊን ውስጥ እድሳቱ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በተጠናቀቀው የምክር ቤት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለው የመስታወት ጉልላት ሕዝቡ ከእንደራሴዎቹ ራስ በላይ እየተራመደ ወደ ታች እንዲመለከታቸው ተብሎ የተሠራ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ከጉልላቱ ሆኖ የሚያይ ሰው መላጣ ራስ እንጂ በጀት አያነብም።

በጀት ለማንበብ ሕግ ያስፈልጋል። ስዊድን በ1766 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የኅትመት ነጻነት ሕግ ተራው ሰው የመንግሥትን ጽሑፎች ጠይቆ እንዲያይ ፈቀደች። በእኛም አገር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ መረጃ የማግኘትን መብት በዝርዝር አስፍሮ፣ የተጠየቀው መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። በዚህ አዋጅ ተጠቅሞ አንድ ማመልከቻ የጻፈ ተማሪ በመካከላችን ስንት ነው? እኔ ራሴ አልጻፍሁም። ሰልፍ መውጣት እናውቅበታለን፤ ማመልከቻ ጽፎ 30 ቀን መቁጠር ግን ይሰለቸናል።

አንድ የማከብራቸው መምህር ይህን ሐሳቤን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ሁሉ ነገር ከተገለጠ እኮ ማንም በነጻነት አይናገርም» አሉኝ። ንግግራቸው ክብደት አለው። በስብሰባ ላይ የሚጣለው እያንዳንዱ ቃል ነገ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ሰው የሚያስበውን ትቶ የሚያስጨበጭብለትን ብቻ ይናገራል። የክሊኒኩ ካርድም፣ የችግረኛ ተማሪ የእርዳታ ማመልከቻም እንዲገለጥ የሚሻ ቢኖር እቃወመዋለሁ። ነገር ግን የፈረንሳይን የምርጫ ሣጥን ተመልከቱ። ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሣጥኑ ብርሃን የሚያስተላልፍ እንዲሆን በሕግ ታዟል፤ ጠዋት ባዶ መሆኑን፣ ቀን ማንም በድብቅ አለመጨመሩን ሁሉ እንዲያይ። ወደ ውስጡ የሚገባው ወረቀት ግን በፖስታ የታሸገ ነው፤ መራጩም ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ነው የሚመርጠው። ሣጥኑ ይታያል፣ ሰውዬው ይሸፈናል። የጓደኛዬ ነገር የዚህ ግልባጭ ነበር፤ ሰውዬው ታየ፣ ሣጥኑ ተሸፈነ። ለመምህሬም የመለስሁላቸው ይህንኑ ነው። ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያው ከመልስ ወረቀቱ ጀምሩ፤ እኔ የእኔን ተማሪዎች ወረቀት ከዚህ መንፈቅ ጀምሬ እመልሳለሁ» አሉ። ይህን የሰማ ሌላ መምህር ካለ መንገዱ ክፍት ነው።

ወደ ቁም ሣጥናችን ልመለስ። ማኅበራችን የመንግሥት አካል ስላልሆነ አዋጁ አይመለከተውም የሚል የሕግ ተማሪ ይነሣ ይሆናል። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አስተዳደሩን የምግብ ቤቱን በጀት አሳየን ብለን ባለፈው ዓመት አቤቱታ ያቀረብነው እኛው ነን፤ በአቤቱታውም ላይ ያተምነው ማኅተም ከዚያው መዝገብ አጠገብ የተቀመጠው ነው። ለማኅተሙ ጊዜ ቁልፉ ተገኝቶ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ መዝገቡ ተገልጦ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ መዋጮ የከፈለ ሁሉ ገጽ እየገለጠ ይመልከት። በየወሩም አንድ ገጽ ማጠቃለያ በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ። የወረቀት እጥረት አለ እንዳትሉኝ፤ ወረቀታችን ስስ ከመሆኑ የተነሣ የጀርባው ፊደል በፊቱ ይነበባልና አንዱን ገጽ ለሁለት ማብቃቃት ይቻላል። ከችግረኛ ተማሪዎች ድጎማ የተቀበሉት ሰዎች ስም ይሸፈን፣ ድምሩ ይጻፍ።

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ትንሽ ነው፣ ቢጫ፣ በቀይ ክር የታሰረ። በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ለዝግጅት ክፍሉ ቢነግር፣ ስሙ አይገለጥም።