ሆዱ የማን ነው?

እንፍራንዝ መኪና ስጠብቅ አንድ እናት አጫወቱኝ። ልጃቸው ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት፤ ውፍረቱ ደግሞ መራመድ ከልክሎታል። «ሐኪሙ የሚያናግረው እኔን ነው ልጄ፤ እሱን እንደ ዕቃ ነው የሚያየው» አሉኝ። ልጁ ይሰማል። «መቀነስ እፈልጋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ጨጓራ የሚያሳንሰው ቀዶ ሕክምና ለእንፍራንዝ ሰው የሰማይ ያህል ሩቅ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ቢገኝስ? ማን ይፈርምለታል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አእምሮው ደካማ የሆነውን ሰው ከሰካራሙና ከገንዘብ አባካኙ ጋር ደርድሮታል። በ2002 ዓ.ም. ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 12 ላይ ለመወሰን ድጋፍ ይሰጠው ይላል፤ አንቀጽ 25 ሕክምናው በራሱ ፈቃድ ይሁን ይላል። ታዲያ የትኛው ነው የሚሠራው ጎበዝ?

«አይገባውም» ማለት ቀላል ነው። ከቀዶው በኋላ በጥቂት በጥቂቱ መብላት፣ ቪታሚን ዕድሜ ልክ መዋጥ አለ። ይህን በሥዕል፣ ደጋግሞ፣ እናቱ ባሉበት ማስረዳት ያቅታል? ቤተሰብ ስለሰለቸው ብቻ ሳይፈልግ ቢላ ሥር ማስተኛትም ያው ግፍ ነው። ጤና ሚኒስቴር ለሐኪሞቹ መመሪያ ያውጣ፤ ልጁ እምቢ ካለም እምቢታው ይመዝገብለት።