የዓሣው ቀለምና የቅቤው ቢጫ

በሆቴል አዳራሽ ወይም በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚዋኙትን ባለ ቀለም ዓሦች ያላያችሁ ብዙ አትሆኑም። ከነዚህ አንዱን ገዝቶ የቤቱ ጌጥ ያደረገ ሰው፥ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ «ብርቱካን የመሰለው ዓሣ ምነው እንደ ታጠበ ጨርቅ ለቀቀብኝ?» እያለ ሲያማርር ይሰማል። አንዱ ጎረቤት በውሃው ያሳብባል፤ ሌላው «ሻጩ አታሎህ ነው» ይላል። ነገሩ ግን በአብዛኛው ከመኖውና ከብርሃኑ ነው። የጌጥ ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁም አትለፉት፤ መጨረሻው ከልጆቻችን ዓይን ላይ ይደርሳልና።

በ2003 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው ሲኒማ «ኒሞ» ተብሎ ዓለም ያወቀውን ትንሽ የባሕር ዓሣ እንመልከት። ፈረንጆች «ክላውን ፊሽ» ይሉታል። ከወገኖቹ አንዱ፥ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀው፥ በቀይ ባሕር ይኖራል። በኒሞ ገላ ላይ ሦስት ቀለሞች ይታያሉ፤ ጥቁር፥ ነጭና ብርቱካንማ። ጥቁሩን ዓሣው ራሱ በገላው ውስጥ ይሠራዋል። ነጩም ብርሃንን እንደ መስተዋት ከሚመልሱ ጥቃቅን የገላው ቅንጣቶች የሚመጣ ስለ ሆነ የራሱ ሀብት ነው። ብርቱካንማው ግን ብድር ነው። ይህ ቀለም ካሮቴኖይድ ከሚባሉት ወገን ሲሆን፥ ስሙም ከካሮት የተወረሰ ነው። ዓሣ ይህን ቀለም ከምንም ተነሥቶ መሥራት አይችልም። በውሃ ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ ዋቅላሚ ይሠራዋል፤ ዋቅላሚውን ደቃቅ የውሃ እንስሳት ይበሉታል፤ እነርሱን ደግሞ ዓሣው ይበላቸዋል። ብድሩ በተቋረጠ ጊዜ ጥቁሩና ነጩ ባሉበት ሲቆዩ ብርቱካንማው ይደበዝዛል።

ይህ በባሕር ብቻ የሚታይ አይደለም። በስምጥ ሸለቆአችን፥ በጭቱ ሐይቅ ዳር የሚታዩት ፍላሚንጎዎች ጫጩት ሳሉ ግራጫ ናቸው። ሮዝ የሚሆኑት ስፒሩሊና የተባለውንና እርሱን የመሰለውን የሐይቅ ምግብ እየበሉ ሲያድጉ ነው። በአውሮፓም በእርባታ የሚያድገው ሳልሞን በመኖው ውስጥ ይህ ቀለም ካልተጨመረለት ሥጋው ግራጫ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ገበያተኛውም ፊቱን ያዞርበታል።

እንግዲህ ወደ ብርሃን እንሻገር። የብርሃን ሥራ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛ፥ ያሳያል። ውሃ ከብርሃን ቀለማት ሁሉ ቀዩን አስቀድሞ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያለ ቀይ ዓሣ ጠቁሮ ይታያል። ይህን ጊዜ ዓሣው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ለዓይናችን የሚደርሰው ብርሃን ነው። ሁለተኛ፥ ያዛል። ብዙ ዓሦች ጥቁር ወለል ላይ ሲቀመጡ ይጠቁራሉ፤ ነጭ ወለል ላይ ሲሆኑ ይነጣሉ። ዓይናቸው ያየውን ለአንጎል ይነግራል፤ አንጎልም በነርቭና በሆርሞን አማካይነት የቆዳውን ቀለም ይሰበስባል ወይም ይበትናል። በ1973 በፈረንጆች አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ካርል ፎን ፍሪሽ በወጣትነቱ ይህን ሲመረምር፥ ዓይን የሌላቸው ዓሦች እንኳ በራሳቸው ቅል በኩል ብርሃንን እንደሚለዩ አግኝቷል። ሦስተኛ፥ ይመግባል፤ ዋቅላሚው ያለ ብርሃን አይበቅልምና። አራተኛው ሥራው ግን ማጥፋት ነው። ተከፍቶ በመስኮት ዳር የተቀመጠ መኖ በብርሃንና በአየር ምክንያት ቀለሙን ያጣል።

ይህን ትምህርት ለማየት ከአዲስ አበባ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ሰበታ የብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት። ቆሮሶን የመሰለው የኩሬ ዓሣ ውሃው አረንጓዴ በሆነበት ስፍራ ከውሃው ራሱ ይመገባል። ነገር ግን ቆሮሶን ምንም ብታበሉት ኒሞ አይሆንም። መኖ በዘር ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

ወደ ሱሉልታ ብትወጡ ደግሞ ሣሩ ያስተምራችኋል። ላሟ ለምለም ሣር በምትግጥበት ወራት ቅቤው ቢጫ ይሆናል፤ በበጋ ድርቆሽ ስትበላ ግን ይነጣል። ምክንያቱም ያው ነው። በሣሩ ውስጥ ያለው ካሮቲን ወደ ቅቤው ይገባል፤ ታጭዶ ለብዙ ቀን በፀሐይ የተሰጣ ሣር ግን አብዛኛውን ካሮቲን አጥቷል። ቡራዩም ብትሄዱ በጓሮ ቅጠል እየለቀመች የምትውል ዶሮ የእንቁላልዋ አስኳል እንዴት እንደሚደምቅ ባለቤቶቿ ይነግሯችኋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስን። ከዚህ የቀለም ወገን ካሮቲንን የመሰሉት በሰው ገላ ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ ይለወጣሉ። ይህ ቪታሚን ያነሰው ሕፃን መጀመሪያ በምሽት ማየት ይሳነዋል፤ ሕመሙን ወላጆቻችን ዳፍንት ይሉታል። ችላ ከተባለ የዓይኑን ብሌን ያበላሽና ለዘለቄታው ያሳውራል። ዓሣው ቢደበዝዝ የሚጎድለው ጌጥ ነው፤ ልጁ ቢጎዳ ግን የሚጎድለው የዕድሜ ልክ ብርሃን ነው።

ስለዚህ ተማሪም ሁኑ አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ደመወዛችሁ ትንሽ ቢሆንም ጎመን፥ ካሮት፥ ዱባና ብርቱካንማ ስኳር ድንች ከገበታችሁ አይለዩ። ካሮቲን ያለ ቅባት በሚገባ ስለማይዋሐድ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩበት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ታናናሾች ያሏችሁም፥ በየስድስት ወሩ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የቪታሚን ኤ ጠብታ እንዳያመልጣቸው ለእናቶቻችሁ አሳስቡ። በምሽት የሚደናቀፍ ልጅ ብታዩ «ቸልተኛ ነው» ብላችሁ አትቆጡት፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም አድርሱት።

ዓሣ ላላችሁ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። መኖውን በጥቂት በጥቂቱ ግዙ፤ ከድነችሁም ከፀሐይ በራቀ ቀዝቃዛ ስፍራ አስቀምጡት። የገንዳው ወለል ጠቆር ያለ ይሁን። መብራቱን ሌሊት አጥፉት፤ በአገራችን ፀሐይ እንኳ ዓመቱን ሙሉ የምታበራው ወደ 12 ሰዓት ያህል ነውና፥ ዓሣም እንደ እናንተ ማረፊያ ያስፈልገዋል።