በገበያ የሚታወቅ፣ በባንክ መስኮት የማይታወቅ

ሰኞ ዕለት ባቲ ወርዶ ግመል የሚገዛ ሰው ሻጩን የሚጠይቀው መታወቂያ ሳይሆን «ማን ያውቅሃል?» ብሎ ነው። ደላላው ካወቀው ወይም አንድ የታወቀ ሰው ዋስ ከቆመለት ብሩ ተቆጥሮ ከብቱ ይነዳል። ከብቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ዋሱ ይፈለጋል። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምሥራቅ የሚገኘው፣ ከቆላ የሚወጣው አፋር፣ የአካባቢው ኦሮሞና ከደጋ የሚወርደው አማራ የሚገናኙበት ይህ ገበያ የኖረው በዚሁ መተዋወቅ ነው።

ይኸው ሻጭ ብሩን ይዞ ባንክ ሲገባ ግን የሚያውቀው የለም። ወደ ቀበሌ ይላካል። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ «እገሌ ነህ» የሚለን እሱ ነው። ቀበሌው የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ ከሌላ ቦታ ለመጣ ደግሞ መሸኛ ይፈልጋል። መሸኛ ለማውጣት በቀድሞው ቀበሌ መመዝገብ ያስፈልጋል። ለመሆኑ ግመሉን ተከትሎ የሚኖር ሰው የቤት ቁጥሩ ስንት ነው?

አንባቢ ይህን የአርብቶ አደሩ ችግር ብቻ አድርጎ እንዳያልፈው። ሻጩ የባንክ ሒሳብ ከሌለው ከአዲስ አበባ ወይም ከአዳማ የሚሄደው ገዥ ጥሬ ብር ተሸክሞ ኬላ ለኬላ መጓዝ አለበት። የመንገዱ ሥጋት በከብቱ ዋጋ ላይ ይታሰባል። ትምህርት ቤት «የግብይት ወጪ» ብለው ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

አሁን ፋይዳ መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን፣ የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ተወስዶ በነፃ ይሰጣል። በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ ግዴታው ደረጃ በደረጃ ወደ ክልሎች እንዲሰፋም ተወስኗል። በብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ይጻፍ የነበረው ብሔር በፋይዳ አይጠየቅም። ሦስት ሕዝብ ለሚገበያይበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰነድ ለሌለው ሰውም በር ተከፍቷል፤ አስቀድሞ የተመዘገበ ምስክር ይዞ መመዝገብ ይችላል። በእኔ እምነት የአዋጁ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ የባቲ ዋስ ሕጋዊ ሆነ ማለት ነውና። ሥጋቴ ግን በሩ ተከፍቶ የሚገባበት እንዳይጠፋ ነው። በህንድ የአድሃር መታወቂያ ሰነድ ለሌላቸው «አስተዋዋቂ» ተፈቅዶ ነበር። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከተሰጡት ከ800 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮች በዚህ መንገድ የተገኙት ግን 220 ሺህ እንኳ አልሞሉም። የቀረው ሁሉ የተመዘገበው ቀድሞውኑ በነበረው ሰነድ ነው። ወረቀት የነበረው ሌላ ወረቀት ተጨመረለት ማለት ነው።

«ምስክር ቢዋሽስ?» የሚል አይጠፋም። ሊዋሽ ይችላል። ነገር ግን አሻራ የአንድን ሰው አባትና አገር አይናገርም፤ የሚናገረው ይህ ሰው ከዚህ በፊት በሌላ ስም አለመመዝገቡን ነው። ለነጋዴም ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ዛሬ ከብት የሸጠልኝ ሰው የዛሬ ሳምንት ስፈልገው ያው ሰው ሆኖ መገኘቱ ይበቃኛል፤ የት እንደ ተወለደ ምን አገባኝ? ሁለት ቀበሌ ሁለት መታወቂያ ማውጣት ለሚችል ሰው የድሮው ወረቀት ይህን ዋስትና አይሰጥም ነበር።

ከምስክሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የስም አጻጻፍ ነው። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሃመድ፤ አንዱ ሰው በባንክ ደብተሩ አንድ ዓይነት፣ በቀበሌ ወረቀቱ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ፋይዳ ደግሞ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይመዘግባል። ወደ እንግሊዝኛው ሲዞር ስንት ዓይነት እንደሚሆን አንባቢ ይገምት። በዚህ ሰበብ ደንበኛን ከመስኮት የሚመልስ ባንክ የራሱን ተቀማጭ እየመለሰ መሆኑን ቢያስብበት መልካም ነው።

እንግዲህ መዝጋቢው ወደ ገበያው ይሂድ እላለሁ፤ ያውም በሰኞ። ሻጩም፣ የሚያውቀው ደላላም፣ ዋስ የሚሆነው ሽማግሌም በአንድ ቦታ የሚገኙት በዚያ ቀን ነው። የምስክሩ ቁጥር ከተመዝጋቢው ጋር አብሮ ይያዝ፤ አንድ ሰው ስንት ሰው እንደ መሰከረ ይታወቅ። ይህ ካልተደረገ ምስክርነትም እንደ ድለላ ዋጋ ይወጣለታል። ደላሎቻችን አይቀየሙኝና፣ ምዝገባው ነፃ ቢሆንም «ለማወቂያ» እየተባለ የሚከፈል ብር ከግመል ተራው ጥግ መሰማቱ አይቀርም። ማክሰኞ ቢሮ ከፍቶ ለሚጠብቅ መዝጋቢ ደግሞ ሰውየው ከግመሎቹ ጋር ወደ ሚሌ መንገድ ወርዷል።