ከግንባታው በፊት ጥገናው፦ ረዳት ተማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ድረ-ገጾች

በዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ማዕከል ወይም በአንድ የትምህርት ክፍል በረዳትነት ለተመደበ ተማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ብዙውን ጊዜ «ለዐውደ ጥናቱ ፖስተር አዘጋጅ» ወይም «ለክፍሉ አዲስ ገጽ ክፈት» የሚል ነው። ተማሪው ዝግጁ አብነት ያወርዳል፤ ቀለሙን ይለውጣል፤ የኃላፊውን ፎቶግራፍ ያስገባል፤ ገጹም ይመረቃል። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ገጹ ባለቤት ያጣል፤ የይለፍ ቃሉም አንዳንድ ጊዜ አብሮት ይሄዳል። ተተኪው የተተወውን ከመጠገን ይልቅ ሌላ አዲስ መክፈት ይቀለዋል። በዚህ ዑደት ተቋሙ ገጽ ያበዛል እንጂ ባለሙያ አያፈራም። የዲጂታል ንድፍና የድረ-ገጽ ሥራ በረዳትነት የሚለመድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይገባል፤ ልምምዱ መጀመር ያለበት ነባሩን በመጠገን ነው።

ለዚህ አቋም ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚገኘው ከኮምፒውተር በራቀ ሙያ ውስጥ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ጂን ሌቭ በላይቤሪያ የልብስ ሰፊዎችን የሙያ ልምምድ አጥንተዋል። ተለማማጁ የሚጀምረው ከሥራው መጨረሻ ነው፤ ቁልፍ ይተክላል፤ ጠርዝ ይዘመዝማል። ከዚያ መስፋት ይማራል። ጨርቅ መቁረጥ የሚደርሰው ግን ኋላ ነው። ያለቦታው የተተከለ ቁልፍ ይፈታል፤ ተሳስቶ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። ከዚህም በላይ ተለማማጁ መቀሱን እስኪይዝ ድረስ ብዙ ያለቀለት ልብስ በእጁ አልፏል፤ ጥሩ ስፌት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ዝግጁ አብነት አውርዶ የሚጀምር ረዳት ግን መቀሱን በመጀመሪያው ቀን የጨበጠ ነው።

ጥገና የሚያስተምረው ነገር በአማርኛ ገጾች ላይ በተለይ ጎልቶ ይታያል። አብነቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። ርእሱን ከንኡስ ርእሱ የሚለየው የላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ከሆነ፣ ኢትዮጵያዊው ፊደል እንዲህ ያለ መደብ ስለሌለው ልዩነቱ ይጠፋል፤ ገጹም አንድ ወጥ የጽሑፍ ክምር ይሆናል። ጥቅሶች በጋደለ ፊደል እንዲታዩ ከታዘዘ አሳሹ ቀጥ ብለው የተቀረጹትን ፊደላት በግድ ያዘማቸዋል። የተመረጠው ፎንት የራሱ ደማቅ እርከን ከሌለው ደግሞ አሳሹ መስመሮቹን አወፍሮ ደማቅ ያስመስላቸዋል፤ ያን ጊዜ ሣልሱን «ጪ» ከኃምሱ «ጬ» የምትለየው ትንሽ ቀለበት ትደፈናለች። ይህን በገዛ ዓይኑ ያየ ተማሪ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ባለብዙ እርከን ፎንት ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

የቆዩ ሰነዶችም እንዲሁ መማሪያ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላቱን ለላቲን በተመደበ የኮድ ቦታ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ስለዚህ በእነርሱ የተጻፈን ሰነድ ወደ ድረ-ገጽ የገለበጠ ሰው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። አንዱ መሸሻ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ስካን አድርጎ በምስልነት መለጠፍ ሆነ፤ ዛሬ ሰበቡ ቢቀርም ልማዱ አልቀረም። ምስሉ ለሚያይ ሰው ይነበባል፤ በፍለጋ ግን አይገኝም፤ በስልክ ላይ ወዲያና ወዲህ ካልተጎተተ አይታይም፤ ማየት የተሳነው ተማሪ ለሚጠቀምበት የስክሪን አንባቢ ደግሞ ባዶ ቦታ ነው። የምዝገባ ቀን ያመለጠው ተማሪ ቢኖር ጥፋቱ የማን ይባላል?

እንዲህ ያለውን አንድ ማስታወቂያ ወደ ጽሑፍ የመለሰና የገጹን የቋንቋ መለያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያስተካከለ ረዳት፣ በዓለም አቀፉ የድረ-ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ በመነሻው እርከን የተቀመጡ ሁለት መስፈርቶችን በተግባር አውቋል። የፍለጋ ሥራ ላይ የተመደበውም ሞክሼ ፊደላት ምን እንደሚያስከትሉ ያያል፤ ሥርዓቱ ካልተስተካከለ በቀር «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ተመራማሪ «ጸሀይ» ተብሎ የተመዘገበውን የመመረቂያ ጽሑፍ አያገኝም።

በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ጥገና አሰልቺና የማይታይ ሥራ ስለሆነ ለርካሽ ጉልበት የተዋበ ስም መስጠት ይሆናል የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሌቭ ከኤቲየን ዌንገር ጋር በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ከሰፊዎቹ ጎን የአሜሪካ ሥጋ ቆራጮች ይገኛሉ። በሱፐርማርኬት የተመደቡ ተለማማጆች በመጠቅለያ ማሽን ላይ ይቆያሉ፤ ባለሙያዎቹ ሥጋ የሚቆርጡበት ክፍል ግን ከእይታቸው ውጪ ነበር። ስለዚህ ጠቀለሉ እንጂ ብዙ አልተማሩም። ሰፊውንና ጠቅላዩን የሚለያያቸው የሥራው ቀላልነት ወይም ክብደት አይደለም፤ አንዱ ባለሙያው ሲወስን እያየ ይሠራል፤ ሌላው አያይም።

እንግዲህ ረዳቱ ጠጋኝ ሆኖ ሲጀምር ውሳኔ ወደሚሰጥበት ክፍል መግባት አለበት። ሬጅስትራሩና ማዕከሉ አንድ ቅጽ በድረ-ገጽ ላይ እንዴት እንደሚቀርብ ሲነጋገሩ ይቀመጥ። ያስተካከለው ነገር ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ባለሙያ ይየውና አስተያየት ይጻፍበት። እያንዳንዱ ለውጥ በጊት ወይም በመሰል የለውጥ መዝገብ በተማሪው ስም ይስፈር፤ ሥራ ሲፈልግ የሚያሳየው ማስረጃ ይሆነዋልና። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የሙያውን በር በነጻ ኮርስ ከፍቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የኮርስ ተማሪ በአብዛኛው የሚሠራው ራሱ በጻፈው ኮድ ላይ ነው። ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን፣ ነገ ጠዋት ተጠቃሚ የሚጠብቀውን ኮድ ማንበብ የሚለመደው በረዳትነት ወንበር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የባለሙያ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሥራ ለበዛባቸው ማዕከላት ከባዱ ክፍል ይህ ነው። አዲስ ገጽ ሲከፈት ሪፖርት ይጻፋል፤ ለተጠገነ ገጽ ሪባን የሚቆርጥ ኃላፊ የለም። ሆኖም በየሁለት ዓመቱ ከባዶ መጀመርም ጊዜ ይበላል፤ ልዩነቱ በማንም የሥራ ዕቅድ ላይ አለመጻፉ ብቻ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ቀድሞ የዘለቀው ተማሪ አዲስ ገቢውን ያስቀጽላል፤ መምህሩ ብቻውን ሁሉንም አይደርስም። የረዳቱ የመጨረሻ ሴሚስተር ለዚሁ ቢውል ከአዲስ ፖስተር ይበልጣል። የይለፍ ቃሎቹ ከግል ኢሜይል ወጥተው በማዕከሉ ስም ይመዝገቡ፤ የአሠራሩ ማስታወሻ በአማርኛ ይጻፍ። ከዚያም ተተኪው፣ ነባሩ ረዳት ጎኑ ተቀምጦ ነገር ግን እጁን ሳያነሣ፣ አንድ የምዝገባ ማስታወቂያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያውጣ።