ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ

የዛሬው ጽሑፋችን የሐዘን ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐርጌሳ አንዲት እህታችን ባለቤቷን ቀበረች። እኛም ለቅሶ ደረስን። ድንኳን የለም፣ ዕድር የለም፤ ያለው አንድ ክፍል ቤትና ከጎረቤት የመጣ ምንጣፍ ነው። ሶማሌ ጎረቤቶቿ «ሰሚር ኢዮ ኢማን» እያሉ ገቡ፤ ትዕግሥትና እምነት ይስጥሽ ማለታቸው ነው። እኛ ግን «በቃ፣ አታልቅሺ፣ ለልጆችሽ ስትዪ» ከማለት ሌላ ቃል አጣን።

ዝምታውን የሰበሩት አንዲት እናት ናቸው። «ጥላሁንን እንዴት ይወድ እንደነበር ታውቁ የለ?» አሉ። ሐዘንተኛዋ ቀና አለች። ወሬው ወደ ጥላሁን ገሠሠ ሄደ። ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ ነው፤ በ68 ዓመቱ። በሀገር ፍቅር ጀምሮ በክቡር ዘበኛ የገነነ፣ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ የታሰረ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የዘፈነ ሰው ነበር። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር አገር ወጥቶ ሸኘው። ሕዝቡ ሲበተን ግን የባለቤቱ የወይዘሮ ሮማን በዙ ሐዘን አብሮ አልተበተነም። የሰው ብዛት ቀብሩን ያደምቃል እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት አያሳጥርም።

የእህታችን ባል ስመ ጥር አልነበረም፤ የቀን ሠራተኛ ነበር። ነገር ግን ጨዋታው ሲከፈት አንዱ «ውሃ የጠፋ ጊዜ ከራሱ ጀሪካን ቀንሶ ለአራስ ቤት ሰጥቷል» አለ። ሌላዋ «ልጄ የታመመች ሌሊት በትከሻው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው» አለች። እህታችን «ይህን እኮ አልነገረኝም!» ብላ አለቀሰች። የአሁኑ ልቅሶዋ ግን ከቅድሙ ይለይ ነበር። ባሏን ሌላ ሰውም እንደሚያውቀው ሰምታለችና።

ወገኖቻችን፣ በስደት ለሐዘንተኛ የምንሰጠው ገንዘብ የለንም። የሟቹን ደግነት መናገር ግን ምንም አያስወጣም። «አታልቅሺ» ከምንል ያየነውን እንንገራት። ሣልስቱ አለፈ ብለንም አንጥፋ፤ አርባው እስኪወጣ በየተራ ሄደን ቡና እናፍላላት፣ ልጆቿ ከትምህርት እንዳይቀሩ እንከታተል። ስንሄድም ስሙን ለመጥራት አንፍራ። እሷ የፈራችው መረሳቱን ነው።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የባለቤትሽን ነፍስ ይማር።